የማርክስ ቤት ሠራተኛ በመዝገብ ስትፈለግ

ካርል ማርክስ በ1867 በታተመው የ«ዳስ ካፒታል» አንደኛ ቅጽ ውስጥ፣ ስለ ማሽን በሚያትተው ረጅም ምዕራፍ፣ የ1861ን የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ይዘረዝራል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው ሰው 642,607፣ የድንጋይ ከሰልና ሌላ ማዕድን የሚቆፍረው 565,835 ነበር። በሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያገለግለው ደግሞ 1,208,648። የፋብሪካውና የማዕድኑ ሠራተኛ አንድ ላይ ቢደመር እንኳ ከቤት አገልጋዩ በ206 ሰው ያንሳል። እንፋሎትና ብረት ኑሮን ከሥሩ ለወጡት በተባለበት አገር ይህን ሁሉ ሕዝብ ያሰማራው ሥራ ለሌላው ምግብ ማብሰል፣ የሌላውን ልብስ ማጠብ፣ የሌላውን ልጅ ማሳደግ ነበር። ማርክስ ይህን ሲጽፍ ምፀቱ መራራ ነው። እነዚህን ሰዎች የዘመኑ የቤት ባሮች አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው፤ የለንደን ሰው በመለስተኛ ነዋሪዎች ቤት የምታገለግለውን ልጃገረድ ባሪያ በሚል የማቆላመጫ ስም እንደሚጠራት ሳይቀር በግርጌ ማስታወሻ አስፍሯል። ከተቆጠሩት መካከል በራሱ ቤት ጓዳ የሚሠሩ እንዳሉ ግን በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

ሴትየዋ ሄሌነ ዴሙት ትባላለች። ቤተሰቡ ሌንሸን፣ ልጆቹ ደግሞ ኒም እያሉ ይጠሯት ነበር። እስከ 1862 መጨረሻ፣ በሞት እስክትለይ ድረስ፣ በእናት የምትገናኛት ታናሽ እኅቷም አብራት ሠርታለች። ሄሌነ ግን ከ1845 እስከ 1890፣ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ የማርክስን በኋላም የኤንግልስን ቤት ይዛ ኖራለች። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ምስላቸው ከሌኒን ጋር በአደባባይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ የመጣው የማርክስ ሐውልትም ዛሬ ድረስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቆሟል። ስለ ሠራተኛው መደብ በቃላችን እስክንይዘው ድረስ ስንማር፣ ትምህርቱ የተጻፈበትን ቤት ማን ያጸዳ እንደነበር ግን ማንም አልነገረንም። የዚህች ሴት ሕይወት ከቤተሰብ ደብዳቤ፣ ከልደት መዝገብ፣ ከቆጠራ ቅጽ፣ ከኑዛዜና ከመቃብር ድንጋይ እየተለቃቀመ ሊገጣጠም ይችላል፤ ገጣጥመውታልም። በእኔ አስተያየት ግን አብዛኛው ሰው ወረቀቶቹን ያነበባቸው ለሌላ ጉዳይ ነው። መዝገብ የቤት ሠራተኛን የሚያውቃት ሥራዋ ሲቋረጥ ብቻ ነው፤ ስታረግዝ፣ ስትታመም፣ ስትሞት። ሥራው ሳይቋረጥ ሲሄድ የሚጽፈው የለም። ይህ ካልገባን ከሰነዶቹ የምናገኘው የሠራተኛዋን ሕይወት ሳይሆን የጌቶቿን ምስጢር ነው።

ከልደቷ እንጀምር። የተወለደችው በዛንክት ቬንደል ነው፤ ዛሬ በጀርመን ዛርላንድ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፣ ያኔ ሊሽተንበርግ የተባለች ጥቃቅን ግዛት አካል ነበረች። የትውልድ ከተማዋ መዝገብ ልደቷን ዲሴምበር 31 ቀን 1820 ይለዋል። ለንደን፣ ሃይጌት መካነ መቃብር፣ ከማርክስ ጋር በተቀበረችበት ቦታ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1823 ይላል። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን ነው። ድንጋዩን ያስጻፉት ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ይህን አይቶ «ምን ያህል ቢንቋት ነው» ለማለት ይቃጣል። መቸኮል ግን አያስፈልግም፤ በዚያው ድንጋይ ላይ የማርክስ የገዛ ልጅ የኤሊኖር ዓመተ ልደትም በአንድ ዓመት ተሳስቷል። እንዲያውም የዘመኑ ድሀ ትክክለኛ ዕድሜውን አለማወቁ የተለመደ ነበር፤ በልጅነቱ ከወላጅ ቤት ወጥቶ ሰው ቤት የገባ ልጅ ደግሞ ልደቱን የሚያስታውስለት ሰው አብሮት የለም። ሄሌነም ገና ልጅ ሳለች ነው ትሪር ከተማ ወደ ባሮን ፎን ቬስትፋለን ቤት ለአገልግሎት የገባችው። የባሮኑ ልጅ ዬኒ በ1843 ማርክስን አገባች።

በኤፕሪል 1845 ማርክስ ከፓሪስ ተባሮ ብራስልስ በስደት ነበር። ዬኒ አንዲት ሕፃን ይዛለች፣ ሁለተኛ አርግዛለች፣ ገንዘብ የለም። እናቷ ከትሪር ሄሌነን ላከችላት። የቤተሰቡ ትውስታ ይህን የሚያወራው በፍቅር ነው፤ እናት ለልጇ ካላት ሁሉ የተሻለውን ላከች ይባላል። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ አባባሉን ረጋ ብሎ ላየው፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላት ሴት ከአገር አገር የተላከችው እንደ ጥሎሽ ዕቃ ነው። ሂጂ ስትባል ምን እንዳለች የጻፈ የለም፤ በላኪዋም በተቀባይዋም ዓይን የሚጻፍ ነገር አልነበረበትም። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ በሄደበት ሁሉ ሄደች፤ ከብራስልስ ወደ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ወደ ኮሎኝ፣ በ1849 ወደ ለንደን። አብዮት በከሸፈ ቁጥር ጓዝ የሚጠቀለለው በእሷ እጅ ነበር።

በሰነድ ከሁሉ ይበልጥ ደምቃ የምትታየው በ1851 ጸደይ ነው። ቤተሰቡ ያኔ ሶሆ በሚባለው የለንደን ሰፈር፣ ዲን ስትሪት ቁጥር 28፣ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ታጭቆ ይኖራል። ማርች 28 ዬኒ ፍራንሲስካ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ማርች 30 ሌሊት በመላው አገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። የቆጠራው ቅጽ ስም ይጠይቃል፣ ከአባወራው ጋር ያለውን ዝምድና፣ የጋብቻን ሁኔታ፣ ዕድሜን፣ ሥራን፣ የትውልድ ቦታን፤ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ሰው መኖሩንም ይጠይቃል። ሄሌነ በዚያ ሌሊት የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ለዚህ ቅጹ ቦታ የለውም። ዝምድናዋ «አገልጋይ» ነው፣ ያላገባች፣ አለቀ። በማግስቱ፣ ማርች 31፣ ማርክስ ማንችስተር ላለው ለኤንግልስ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ዕዳው ካማረረ በኋላ አንድ ምስጢር እንዳለ፣ ነገሩ የሚያሳዝንም የሚያስቅም እንደሆነ፣ ኤንግልስም በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ይጠቁምና ያቋርጠዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ስንገናኝ በአፍ እነግርሃለሁ እንጂ አልጽፈውም አለ፤ በዚያው ወርም ማንችስተር ሄደ። ጁን 23 ሄሌነ በዚያው ቤት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሄንሪ ፍሬድሪክ ተባለ። በልደት መዝገቡ ላይ የእናት ስም አለ፤ የአባት ስምና የአባት ሥራ የሚጻፍባቸው ቦታዎች ባዶ ናቸው። ሕፃኑ ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ለሚኖሩ ሉዊስ ለተባሉ ድሆች ለማደጎ ተሰጠ። ዬኒ ዓመታት ቆይቶ በጻፈችው የሕይወት ማስታወሻ፣ በ1851 በጋ መጀመሪያ ላይ ጭንቀታችንን ያባባሰ አንድ ነገር ደረሰ፣ ዝርዝሩን ግን አላወሳም ብላ አልፋዋለች።

አባትየው ማን ነበር? ስለ ሄሌነ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ስለሆነ ሸሽቶ ማለፍ አይቻልም። በቤተሰቡ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታመነው ኤንግልስ ነው ተብሎ ነው፤ ኤንግልስ ያኔ ሚስት አላገባም ነበር፣ የልጁ መጠሪያ ፍሬድሪክም የእሱ ስም ነው፣ እሱም አላስተባበለም። የማርክስ ስም የተነሣው በሌላ ሰነድ ነው። ከሄሌነ ሞት በኋላ የኤንግልስን ቤት የያዘችው ሉዊዘ ፍራይበርገር በሴፕቴምበር 1898 ለጀርመኑ ሶሻሊስት መሪ ለአውጉስት ቤበል በጻፈችው ደብዳቤ፣ በጉሮሮ ካንሰር ድምፁን ያጣው ኤንግልስ በ1895 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍሬዲ፣ ማለትም ሄንሪ ፍሬድሪክ፣ የማርክስ ልጅ መሆኑን ለኤሊኖር በሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዳሳያት ትናገራለች። የደብዳቤውን ቅጂ ቬርነር ብሉመንበርግ አምስተርዳም ከሚገኘው የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም አግኝቶ በ1962 አሳወቀ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የተገኘው በእጅ የተጻፈው ሳይሆን በመኪና የተተየበ ቅጂ ነው፤ ጸሐፊዋ በኤንግልስ ወረቀቶች ምክንያት ከኤሊኖር ጋር የተቃቃረች ሰው ናት፤ ጽሑፉም ነገሩ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። እንደ ቴረል ካርቨር ያሉ ምሁራን በዚህ ላይ ፍርድ ሊቆም አይችልም ብለዋል። በእኔ ግምት ሚዛኑ ወደ ማርክስ ያጋድላል፤ የ1851ዱ ደብዳቤዎች፣ የዬኒ ዝምታና የሉዊዘ ቃል በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያመለክቱት። ኤንግልስ ድርሻ አለው የሚለው ሐረግ ግን አባት እሱ ነው ለሚለውም፣ ጥፋቱን እሱ ተሸከመ ለሚለውም እኩል ያገለግላል። ከጥርጣሬ በላይ የተረጋገጠ ነገር የለም።

የሚገርመኝ ክርክሩ ስለ ማን እንደሆነ ነው። ማርክስን የሚጠሉ ሰዎች ታሪኩን እንደ ጭቃ ይወረውሩታል፤ የሚያከብሩት ደግሞ ጭቃውን ለማጠብ ይሯሯጣሉ። በሁለቱም ወገን ሄሌነ ምስክር እንኳ አይደለችም፤ ማስረጃ ናት። አንባቢ እዚህ ላይ «የልጇን አባት መጠየቅ እሷን ማክበር አይደለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ለልጁ ተገቢ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የተነፈገው ነገር ስለሆነ። ለእናቲቱ ግን መልሱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ልጁ የማርክስም ይሁን የኤንግልስ፣ በእሷ ላይ የሆነው አንድ ነው፤ ያላገባች አገልጋይ አሠሪዎቿ ቤት ውስጥ አርግዛ ወለደች፣ ልጇን ሰጠች፣ ከዚያም ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። በአገሩ ልማድ እርጉዝ ሆና የተገኘች ገረድ ትባረራለች፣ መጨረሻዋም ብዙ ጊዜ የድሆች መጠለያ ነው። ሄሌነ አልተባረረችም። ይህን ለቤተሰቡ ደግነት የሚቆጥሩ አሉ፤ ድርሻም ይኖረዋል። ነገር ግን የሁለት ቀን አራስ ሚስት፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች፣ ገቢ የሌለው አባወራ ያሉበት ቤት ያለ እሷ ሊቆም እንደማይችል በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት ይገባል። እሷን ማስወጣት ለእነሱ የማይታሰብ ነበር፤ ልጁን ማስወጣት ግን ታሰበ።

ቀጥሎ የምትታየው በ1852 ነው። ሴፕቴምበር 8 ቀን ማርክስ ለኤንግልስ ሲጽፍ፣ ሚስቱ ታማለች፣ ትልቋ ልጁ ታማለች፣ ሌንሸንም የትኩሳት ዓይነት ይዟታል፤ የመድኃኒት ገንዘብ ስለሌለ ሐኪም መጥራት አልተቻለም፤ ቤተሰቡ ሳምንት ያለፈ ጊዜ በዳቦና በድንች ብቻ ኖሯል። ደብዳቤው የድህነቱን ልክ ለማሳየት ደጋግሞ ይጠቀሳል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሄሌነ ደብዳቤው ውስጥ የገባችው ስለታመመች ነው። ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ጤነኛ ቀናት ድንቹን ማን እንደቀቀለው፣ ዳቦው በዱቤ እንዲሰጥ ነጋዴውን ማን እንደለመነው፣ የብር ማንኪያውን መያዣ ተቀብሎ ወደሚያበድረው ሱቅ ማን እንዳመላለሰው ለመጻፍ ምክንያት አልነበረም። ማርክስ ራሱ ለዚህ ማብራሪያ የሚሆን ሐሳብ ትቶልናል። በእሱ ትንታኔ ከካፒታል የሚከፈለው ጉልበት ሸቀጥ ያመርታል፣ ትርፍም ያስገኛል፤ ከሰው የግል ገቢ የሚከፈለው የአገልጋይ ጉልበት ግን ትርፍ ስለማያስገኝ «አምራች» በሚባለው ክፍል ውስጥ አይገባም። ይህ ስድብ አይደለም፣ የሒሳብ ምደባ ነው፤ ጉልበቱ ዋጋ ቢስ ነው ማለቱም አልነበረም። ምደባው ለወረቀት ጉዳይም በትክክል ይሠራል። ፋብሪካ ያመረተውን ስለሚሸጥ ደረሰኝ ይጽፋል፣ የደመወዝ ደብተር ይይዛል፣ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል፤ ማርክስም «ካፒታል»ን የጻፈው እነዚያን የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ሪፖርቶች በብሪቲሽ ሙዚየም እያገላበጠ ነው። የበሰለ ምግብ ተበልቶ ያልቃል፣ የታጠበ ልብስ መልሶ ያድፋል። የማይሸጥ ሥራ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ የሌለው ሥራ ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ አይታየውም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ «እሷ እኮ ሠራተኛ አልነበረችም፣ ቤተሰብ ነበረች» የሚለው ነው። ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ እውነተኛ ነው። ቤቱን ደጋግሞ ይጎበኝ የነበረው ቪልሄልም ሊብክነሽት እንደጻፈው የቤቱ አዛዥ እሷ ነበረች፤ ማርክስን የምትገሥጸው፣ ቼዝ ተጫውታም የምታሸንፈው ነበረች። በዬኒ ፈቃድ ከእነሱ ጋር በአንድ መቃብር ተቀብራለች፤ ስንት አሠሪ ነው ሠራተኛውን ከራሱ ጋር የሚያስቀብር? ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ሆኖም እኛ አገርም «እንደ ልጃችን ናት» የሚባልላት ሠራተኛ በየቤቱ ስላለች፣ አባባሉ ምን እንደሚሸፍን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። ቤተሰብ መሆን በፍቅር ብቻ ሳይሆን በመብትም ይለካል። ያው ሊብክነሽት እሑድ እሑድ ወደ ሃምፕስቴድ ሜዳ የሚደረገውን ሽርሽር ሲተርክ፣ ሌንሸን የምግቡን ቅርጫት ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ልጇ ሊጠይቃት ሲመጣ በጓዳ በር ነበር የሚገባው። የማርክስ ሴት ልጆች በትምህርት ሲያድጉ የሄሌነ ልጅ ያደገው በድሆች ሰፈር ነው። ሽርሽሩ ላይ መኖሯ ፍቅር ነው፤ ቅርጫቱ በማን ክንድ ላይ እንደነበረ ግን የሥራ ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ ይበልጥ ግልጽ ይናገራል። ሄሌነ ኖቬምበር 4 ቀን 1890 በኤንግልስ ቤት በካንሰር ሞተች። በኑዛዜዋ ያላትን ሁሉ ለፍሬድሪክ ተወችለት፤ ጠቅላላው 95 ፓውንድ ነበር። በዚያ ዘመን እጅግ የተነበበው የወይዘሮ ቢተን የቤት አያያዝ መጽሐፍ በ1861 ለአንዲት ሁሉን ሠሪ ገረድ በዓመት ከ9 እስከ 14 ፓውንድ፣ ቤት ለምታስተዳድር ሴት ደግሞ ከ20 እስከ 45 ፓውንድ ይተምናል። ሄሌነ ሁለቱንም ሥራ ደርባ ሠርታለች። 95 ፓውንድ ለአርባ አምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት ከሁለት ፓውንድ እምብዛም አይበልጥም። እርግጥ ውርስ ደመወዝ አይደለም፤ ሰው የሚያወጣውን ያወጣል፣ ለልጅም ይሰጣል። ቢሆንም ለዳቦ ሻጩ የሚከፍለው ያጣ ቤት በነዚያ የሶሆ ዓመታት ለሠራተኛው በየጊዜው ደመወዝ ይቆርጥ ነበር ብሎ ማመን ይከብዳል። በዱቤ ከሚኖር ቤት መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ከቤቱ ውስጥ ያለው አበዳሪ ነው።

ኑዛዜው ራሱ ሌላ ትምህርት አለው። ወራሹ በአሳዳጊዎቹ ስም ሉዊስ ተብሎ ነው የተጠራው። ኤንግልስ ከቀብሩ በኋላ ጀርመን ለሚኖር አንድ የሄሌነ ዘመድ ሲጽፍ፣ ወራሹ የሞተ ወዳጇ ልጅ እንደሆነ፣ ሕፃን ሳለ እንደ ልጅ ወስዳ ታታሪ መካኒክ እንዳደረገችው፣ እሱም ለውለታዋ ዴሙት የሚለውን ስም እንደያዘ ገልጿል። የልደት መዝገቡ በእጃችን ስላለ ይህ ሐሰት መሆኑን እናውቃለን። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ የኤንግልስ ደብዳቤ የታመነ የቤተሰብ ሰነድ ሆኖ ይቀር፣ እናቲቱም በወረቀት ላይ ልጅ ያልወለደች በጎ አድራጊ ትሆን ነበር። የቤተሰብ ሰነድ ስንል የማን ቤተሰብ ማለታችን እንደሆነ መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። ስለ አገልጋይ የተጻፈውን በብዛት የጻፈው አሠሪ ነው፤ የአሠሪ ደብዳቤ ደግሞ የሚጠብቀው ክብር አለው። ስሜት የሌለው የመንግሥት ቅጽ፣ ባዶ ቦታውን ባዶ አድርጎ የተወው፣ ከወዳጅ ደብዳቤ ይልቅ ለእውነት ቀርቦ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ። አንደኛው የትናንቱን ሰው በዛሬ ሚዛን መመዘን ነው የሚል ነው። እኔ ግን የዛሬን ሚዛን አላመጣሁም፤ የተጠቀምኩት የቤቱ ጌታ ራሱ በ1867 ያሳተመውን ነው። የቤት አገልጋይን ከዘመኑ ባሪያ ጋር የቆጠረ ሰው በዚያ ቁጥር ቢለካ ግፍ አይባልም። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ትንታኔውን ለማጣጣል ነው የሚል ይሆናል። ትርፍ ከጉልበት ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው ክርክር በማርክስ ጓዳ አይፈታም፤ ቲዮሪው ትክክል ከሆነ ጸሐፊው ጨዋ ባይሆንም ትክክል ነው፤ ስሕተት ከሆነም ቅዱስ ቢሆን አያድነውም። ጓዳው የሚያሳየን ትንታኔው የት ላይ ዓይኑን እንደከደነ ነው፤ የሠራተኛው ጉልበት በየቀኑ ይታደሳል ሲል፣ የሚያድሰውን ምግብ የሚያበስለውን እጅ እንደ ተፈጥሮ ስጦታ አልፎታል። ይህን ክፍተት ከመቶ ዓመት በኋላ በተለይ ሴት ጸሐፊዎች አንሥተው ብዙ ተከራክረውበታል።

ፍሬዲ የማርክስን ልጆች ያሳደገች እናቱን የሚጎበኘው በእረፍት ቀኑ ነበር፤ የተቀረውን ቀን የሚሠራው ማሽን ላይ ነው። በዲን ስትሪቱ ቤት ከተወለዱት ልጆች መካከል የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነው እሱ ብቻ ነው። የመሐንዲስ ሠራተኞች ማኅበር አባል ሆነ፣ በሃክኒ የሌበር ፓርቲን ካቋቋሙት አንዱ ነበር፣ በጃንዋሪ 1929 ሞተ። ኤሊኖር ወዳጁ ነበረች፤ ለእሱ የጻፈቻቸው የመጨረሻ ደብዳቤዎች ራሷን ባጠፋችበት በ1898 ታትመዋል። ቀደም ሲል ለእኅቷ በጻፈችው ላይም በፍሬዲ ላይ ግፍ እንደተሠራ ይሰማት እንደነበር አልደበቀችም።

ለሄሌነ ሥራ ቀጥተኛ ምስክርነት የሰጠው ኤንግልስ ነው፤ የሰጠውም በሞተች በማግስቱ ነው። አሜሪካ ላለው ወዳጁ ለዞርገ ሲጽፍ፣ ማርክስ ለብዙ ዓመታት እሱም ላለፉት ሰባት ዓመታት በሰላም መሥራት የቻሉት በዋናነት በእሷ ምክንያት እንደሆነ አምኗል፤ ማርክስ በፓርቲ ጉዳይ ሳይቀር ያማክራት እንደነበርም በሌላ ቦታ መስክሯል። ያ ሰባት ዓመት የ«ካፒታል» ሁለተኛ ቅጽ ከማርክስ የማይነበብ ጽሕፈት ተለቅሞ በ1885 የታተመበት ነው። ሦስተኛው ቅጽ ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ኤንግልስ ቀናት ሳይቆይ ቪየና ላለችው ለሉዊዘ፣ ያኔ ካውትስኪ ትባል ለነበረችው፣ መጥታ ቤቱን እንድትይዝ ጻፈላት። በእጇ የምትሠራው ነገር እንደማይኖር፣ ድርሻዋ መቆጣጠር ብቻ እንደሚሆን አረጋገጠላት፤ እሷም በዚያው ወር መጣች። የእጅ ሥራውን የሚሠሩ ሌሎች ገረዶች በቤቱ ውስጥ ነበሩ።